ለአባዬ፤ ስለ ሻለቃ ጠዋቶች

ውድ አባዬ፣

ዴንቨር ላይ በረዶው ገና አልለቀቀንም። በስልክ ስናወራ እማዬ ከጓዳ ሆና ጨዋታውን ስለምትነጥቅህ፣ አንተም «እሺ፣ እሺ» እያልክ ስለምትዘጋው፣ ይህን ጉዳይ በወረቀት ላድርገው ብዬ ነው። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ጉዳዩ ሻለቃ ነው።

እማዬ ስሞታዋን አንድም ሳታስቀር ነግራኛለች። ፀጉሩ ከነጠላዋ ላይ እንደማይጠፋ፣ ሳሎን ውስጥ እንደሚያድር፣ «ሰው በስተርጅናው ይጦራል እንጂ ውሻ ይጦራል እንዴ?» እንዳለችህ ጭምር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሰማኋት። ከስሞታዋ መሐል ግን አንዱ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ ጎህ ሲቀድ ይዘኸው ወደ ስላይጎ ክሪክ ትወርዳለህ፣ ወንዙን ተከትላችሁ ሩቅ ትሄዳላችሁ፣ ስትመለሱ እሱ በሩ ሥር ይዘረጋና ምሳው ሲቀርብለት እንኳ ለመነሳት ያመነታል። እሷ የነገረችኝ «ተጋድሞ መንገድ ዘጋብኝ» ብላ ነው። እኔ የሰማሁት ግን የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ እንደሚሠራ ሰው ነው።

አስቀድሜ ግን በምርጫህ መኩራቴን እወቅልኝ። መጠለያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ቡችላ ላይ ነው። አፉ ዙሪያውን የሸበተ፣ አሥር ዓመት ገደማ የሆነው፣ ከአርባ ኪሎ በላይ የሚመዝን ላብራዶር ወደ ቤቱ የሚወስድ ጥቂት ነው። ባልደረቦቼ ፎቶውን ተቀባብለው አይተውታል። ማዕረጉንም ወደውለታል።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። ባለፈው «ይሄ ሁሉ ሥጋት ምን አመጣው? ደስ ብሎት፣ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚከተለኝ» ብለኸኝ ነበር። አባዬ፣ እኔን የሚያሠጋኝ ይኸው መከተሉ ነው። ላብራዶር ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ ተመርጦ የተራባ ዘር ነው፤ የዘር ግንዱ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲለፉ ከኖሩ ውሾች ይመዘዛል። ጌታው ከሄደ ይሄዳል። ዳሌው እየቆረጠመውም ጅራቱን ይቆላል። እኛ ጋ ራጅ ተነሥቶ መገጣጠሚያው ተበልቶ ሲገኝ ባለቤቶቹ «እንዴ! አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም እኮ» ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ውሻ አይጮኽም፤ ነገር ይተዋል እንጂ። ሶፋ ላይ መውጣት ይተዋል፣ ደረጃው ሥር ቆሞ ያስባል፣ ሰው ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ ከተኛበት ሆኖ ጅራቱን መሬት ላይ ይመታል። ከአሁኑ ጌታው ጋር ገና የተዋወቀ ሲሆን ደግሞ ከዚህ በፊት ምን ያደርግ እንደነበር፣ ምኑን እንደተወ የሚያውቅ ሰው የለም። አንተ የምታየውን ሻለቃ «ረጋ ያለ ውሻ» ትለዋለህ። ረጋ ያለ ይሁን የታመመ ገና አልለየንም።

አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ የነበረውን ውሻ አስታውስ። እሱን «ና ላንሸራሽርህ» ያለው ሰው የለም። ሲያረጅ ጠዋት ፀሐይ የሚመታውን የአጥር ጥግ መረጠ፤ ሲሞቀው ወደ ጥላው ይዞራል፣ ሲያሻው እስከ በሩ ሄዶ አላፊ አግዳሚውን ተቆጥቶ ይመለሳል። የቀኑን ልክ የሚወስነው ራሱ ነበር። ሻለቃ ይህ መብት የለውም። ገመዱ በአንተ እጅ ነው፤ መነሻውን፣ ፍጥነቱን፣ መመለሻውን የምትወስነው አንተ ነህ። ከቤቱ አንድ ማይል ርቆ የደከመ ውሻ ደግሞ ያንኑ ማይል በደከመ እግሩ መመለስ አለበት። እሱ «በቃኝ» የማይልልህን አንተ ልትልለት ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፍልህ ዝርዝሩ ነው።

ልኩ እንዴት ይታወቃል ትለኝ ይሆናል። ጉዞው ላይ እያለ አይታወቅም፤ በማግስቱ ጠዋት ነው የሚታወቀው። ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስፖርት ስታስተምር ተማሪዎችህን ከሜዳው ይልቅ በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ቆመህ ታያቸው ነበር፤ ትናንት ማን እንደበዛበት ከአወራረዱ ትለየው ነበር። ሻለቃንም እንደዚያው እየው። ጠዋት ሳትጠራው፣ ገመዱን ሳታነሳ፣ ቡናህን ይዘህ ዝም ብለህ ተመልከተው። ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ገፍተው ያነሱታል ወይስ በፊት እግሮቹ ራሱን ይጎትታል? የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቹ ግትር ናቸው? ግትርነቱ ውኃው ጋ እስኪደርስ ይለቀዋል ወይስ ቁርሱን እስኪበላ ይቆያል? ሲቀመጥ አንዱን እግሩን ወደ ጎን ይጥላል? ሲራመድ የኋላ ጥፍሮቹ አስፋልቱን ሲፍቁ ይሰማሃል? አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል? ከትናንት ጠዋት የባሰ ከሆነ፣ የትናንቱ ጉዞ ምንም ያህል ደስ ያለው ቢመስል በዝቶበታል፤ የዛሬውን በግማሽ ቀንሰው። እንደ ትናንቱ ወይም የተሻለ ከሆነ በዚያው ቀጥል። የምትጨምረውም በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሁን። ማስታወሻ ደብተር ስለምትወድ እያንዳንዱን ጠዋት በአንድ መስመር ጻፈው፤ ሐኪሙ ይህን ሲያይ ደስታውን አይችለውም።

ሐኪም ካልኩ አይቀር፣ እስኪመረመር ድረስ ጉዞውን ለሽንትና ለአየር ያህል ብቻ አድርገው። መጠለያው «ጤነኛ ነው» ብሎ ሰጥቶህ ይሆናል፤ እሱ ለክትባትና ለተላላፊ በሽታ የተደረገ ፈጣን ምርመራ ነው። እኔ የምፈልገው ልብና ሳንባውን የሚያዳምጥለት፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አጥፎ ዘርግቶ የሚፈትሽለት፣ ደምና ሽንት የሚመረምርለት ሰው ነው። በተለይ የልብ ትል ምርመራው መቼ እንደተደረገለት ጠይቅ። ከደቡብ ግዛቶች በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው ብለኸኛል፤ እዚያ ቢንቢው ብዙ ነው፣ ትሉን ከውሻ ወደ ውሻ የሚያዛምተውም ቢንቢ ነው። ትሉ እንደ ቀጭን ክር ረጅም ሆኖ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄዱት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። ይህ ከተገኘበት ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ትሉን የሚገድለው መርፌ ሲሰጥ የሞተው ትል ተቆራርጦ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ውሻው ከሮጠ ወይም ከተጣደፈ ደሙ ስለሚፈጥን ስብርባሪው ሳንባውን ሊዘጋውና ሊገድለው ይችላል። ለዚህ ነው ሕክምናው ላይ ያለ ውሻ ለወራት ከሽንት በስተቀር እንዳይንቀሳቀስ የሚታዘዘው።

ሌላው ጉሮሮው ነው። እማዬ «ሲጮኽ ድምፁ ሻክሯል፣ ጉንፋን ይዞት ይሆን?» ብላኛለች። በትልልቅ ውሾች፣ በተለይም ባረጁ ላብራዶሮች ላይ የአየር ቧንቧውን በር የሚከፍቱት ጡንቻዎች ቀስ በቀስ የሚሰንፉበት ሕመም አለ። ድምፅ መሻከር፣ ሲተነፍስ እንደ መጋዝ ያለ ድምፅ፣ ሲጠጣ ማሳል ምልክቶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ውሻ በሙቀት ቀን ቢጣደፍ አየር ያጥረውና በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጉንፋን ሊሆንም ይችላል፤ ግን ለሐኪሙ ንገረው። ቤት ውስጥ ራስህ የምታደርገውም አለ። ድብን ብሎ ሲተኛ የደረቱን መነሳትና መውደቅ ለአንድ ደቂቃ ቁጠር። ከ30 በታች መሆን አለበት። በየቀኑ ከዚያ እየበለጠ ካገኘኸው ደውል።

ምርመራው ደህና ከሆነ ደግሞ እንዲህ እናድርግ። አንድ ረጅም ጉዞ ሳይሆን በቀን ሦስት አራት አጫጭር። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሜዳማ መንገድ፣ ቢቻል ሣር ላይ። ላረጀ ገላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስ መድኃኒት ነው፤ አምስት ቀን ተኝቶ ቅዳሜ ሩቅ መሄድ ግን ጉዳት ነው። መጀመሪያ ጡንቻው እስኪሞቅ በዝግታ፣ መጨረሻም በዝግታ። ኳስ አትወርውርለት። ኳስ ማሳደድ ድንገት መነሳት፣ ድንገት መቆምና መጠምዘዝ ነው፤ የሚጎዳውም ይኸው ነው። እንደበላ ወዲያው አታውጣው። የአንተን የጠዋት እርምጃ ደግሞ ለብቻህ ጨርሰህ፣ ከዚያ መጥተህ እሱን ውሰደው። እሱ የልምምድ ጓደኛህ አይደለም አባዬ፤ እሱን ይዘህ ልብህ ፈጥኖ ከመታ እሱ ላይ በዝቷል ማለት ነው።

በየዛፉ ሥር እየቆመ ሲያሸት «ና እንጂ!» እያልክ እንደምትጎትተው ሰምቻለሁ። ተወው። ለእሱ የጉዞው ግማሽ ጥቅም አፍንጫው ላይ ነው። ዓይኑ ቢደክም፣ ጆሮው ቢከብድ አፍንጫው የመጨረሻው ነው የሚደክመው፤ አንድ ቁጥቋጦ ለረጅም ጊዜ ሲመረምር አእምሮው እየሠራ፣ መገጣጠሚያው እያረፈ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ምግቡን በሳሎኑ ጥግጥግ ደብቅለትና እያሸተተ ይፈልገው። እማዬ ምን እንደምትል ከወዲሁ ይሰማኛል።

ገመዱን በሚመለከት አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ «ትልቅ ሰው ነው፣ የትም አይሄድ» ብለህ እንዳትፈታው። ገና ቤቱ ቤቱ መሆኑን አላመነም። መጠለያዎች እንደ ልማድ የሚናገሩት አለ፤ አዲስ ውሻ ለመረጋጋት ሦስት ቀን፣ ቤቱን ለመልመድ ሦስት ሳምንት፣ የእኔ ነው ለማለት ሦስት ወር ይፈልጋል ይላሉ። ሳይንስ አይደለም፣ ግን ከማየው ብዙም አይርቅም። ስላይጎ ክሪክ ዳር አጋዘን ይዘላል፣ ከጎኑ መኪና ያልፋል፤ የደነገጠ ውሻ ሕመሙንም ዕድሜውንም ረስቶ ይሮጣል፣ የሚሮጥበትን ግን አያውቅም። የሞንጎመሪ ካውንቲ ሕግም ገመድ ግድ ይላል። በአንገቱ ሳይሆን ደረቱን በሚያቅፈው ማሰሪያ ያዘው፤ ጉሮሮው አጠራጣሪ ሆኖ ሳለ አንገቱን መጎተት አይሆንም። ጀርባው ላይ እጀታ ያለው ከሆነ ደግሞ መኪና ላይ ስታወጣው ደግፈህ ታነሳዋለህ። እየተመዘዘ የሚረዝመውን ገመድ ትተህ ቀጥ ያለውን፣ ስድስት ጫማ ገደማ የሆነውን ግዛ። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥርህ ይንጠልጠልለት፤ ቆዳው ሥር ያለው ማይክሮ ቺፕም በአንተ ስም መመዝገቡን አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

የዓይኑ ብሌን ሰማያዊ ጭጋግ የለበሰ መሆኑን ፎቶው ላይ አይቻለሁ። ሁልጊዜ የዓይን ሞራ አይደለም፤ በዕድሜ ብቻ የሚመጣና እይታን ብዙም የማይጎዳ ጭጋግ አለ፣ ሐኪሙ በመብራት አይቶ ይለየዋል። እስከዚያው ከኋላው መጥተህ ድንገት አትንካው።

አሁን የምጽፍልህ ሚያዝያ ሳይገባ ነው፤ የሜሪላንድ በጋ ግን እየመጣ ነው፣ እሱም ሙቀት ብቻ ሳይሆን ወበቅ ነው። ውሻ እንደኛ በቆዳው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን ማለክለኩ አይረዳውም። ያረጀ፣ የወፈረና ጥቁር ፀጉር ያለው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎህ ሲቀድና ከመሸ በኋላ ብቻ አውጣው። አስፋልቱን በእጅህ ጀርባ ለሰባት ሰከንድ ያህል ንካው፤ አንተ ካልቻልከው እሱም አይችለውም። ማለክለኩ አልበርድ ካለ፣ ምላሱ በጣም ከቀላ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ሐኪም ጋ እስኪደርስ አትጠብቅ። እዚያው ጥላ ውስጥ ያገኘኸውን ቀዝቃዛ ውኃ ገላው ላይ አፍስስበት፣ አየር ይንፈሰው፣ ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ አስገብተህ ሂድ። የውሻ ሙቀት በደህናው ቀን 38 ተኩል ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ 41 ሲደርስ አንጎልና ኩላሊት ይጎዳል። ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ጆሮው ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ በጣቶቹ መሐል መዥገር ፈልግ። እናንተ አካባቢ ያለው መዥገር «ላይም» የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ውሻውም ያነክሳል፣ እኛም «አርጅቶ ነው» ብለን እንሸወዳለን።

ስለ ክብደቱ የምጽፈውን ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት። እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ የወጣ የፑሪና ኩባንያ ጥናት አለ፤ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነት እስከ ሞት ክትትል ተደረገባቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ሌላው ከሚበላው በ25 በመቶ ያነሰ እየተሰጠው አደገ። ትንሽ የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲደርስ፣ የጠገቡት 11.2 ላይ ቆመ። የመገጣጠሚያ ሕመሙም ትንሽ በበሉት ላይ ዘግይቶ መጣ። ሌላ ምንም ሳይለወጥ፣ ሳህኑ ብቻ! እና እሷ ውሻውን አልወድም እያለች በጓዳ በር በኩል የምታቀብለው የፍርፍሪ ትራፊ ከጉዞው ሁሉ በላይ ጉልበቱን ይወስነዋል። ሽንኩርት ደግሞ በስሎም ሆነ ደቅቆ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ እናቴ ቤት የለም። ጎድኑን በጣትህ ስትዳስስ አጥንቱ ሳትጫን ሊሰማህ ይገባል። ክብደቱን ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በወራት፣ ሐኪሙ በሚሰጥህ ልክ አውርደው።

ለጉልበትህ የምትወስደውን ኪኒን ከእሱ ጋር እንዳትካፈል። አይቡፕሮፌን የውሻ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይገድላል፤ ታይሌኖል ጉበቱንና ደሙን ያበላሻል። ለውሻ የተሠራ የሕመም መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ ኩላሊትና ጉበቱ በደም ምርመራ እየታየ ይሰጣል። በወር አንዴ የሚወጋ ሊብሬላ የሚባልም ከ2023 ጀምሮ እዚህ አገር ተፈቅዷል። ብዙ ውሻ ሲረዳ አይቻለሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን በ2024 መጨረሻ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቶቹ ለእንስሳት ሐኪሞች ማሳሰቢያ ጽፏል። ስለዚህ ሐኪሙ ቢያዝለት «ምን ልጠብቅ? ምን ካየሁ ልደውል?» ብለህ ጠይቅ። አንተ ሐኪም ፊት መጠየቅ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ለእሱ ስትል ጠይቅ።

የቤታችሁ ወለል ያንሸራትታል። ከሚተኛበት እስከ ውኃውና እስከ በሩ ድረስ ከሥሩ የማይንሸራተት ምንጣፍ አንጥፉለት፤ ጥፍሩም ይቆረጥ፤ ረጅም ጥፍር አረጋገጡን ያዛባዋል። ልምምድ ልስጠው ካልክ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሆን አለ። ምንጣፉ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገህ፣ ከእራቱ ላይ አንድ ፍሬ አሳይተህ ቀስ ብሎ እንዲነሳ አድርገው። ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ ይብቃው። የሳሳውን የኋላ ጡንቻ የሚመልሰው እንዲህ ያለው ነገር ነው። አቅሙ ከፈቀደላችሁ በውኃ ውስጥ የሚያራምዱ ማዕከሎችም አሉ፤ ውኃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ለእንደ እሱ ላለ ከባድ ውሻ በጣም ይስማማል።

አንድ የማልወደውን ነገር ልጻፍና ልጨርስ። በጉዞ ላይ ድንገት እግሩ ቢከዳው ወይም ቢወድቅ፣ ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እይ። ከነጣ፣ ወይም ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ለማስታወክ እየታገለ ምንም ካልወጣው «ይረፍ፣ ይሻለዋል» አትበል። በዚህ ዕድሜ ጣፊያ ላይ ያለ እብጠት ሊፈነዳ፣ ሆድም ሊጠመዘዝ ይችላል፤ የሁለቱም ጊዜያቸው በሰዓት የሚቆጠር ነው። ሌሊት የሚሠራውን የድንገተኛ ክሊኒክ ቁጥር ዛሬውኑ ስልክህ ውስጥ አስገባ።

እስከዚያው ግን የምፈልገው ቪዲዮ ነው። ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ አንድ፣ ከዚያ ደጅ ላይ ወደ አንተ ሲመጣና ከአንተ ሲርቅ፣ ከጎንም ሲያልፍ አንድ። ሳትጠራው፣ ሳታጣድፈው። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ደንግጦ ማነከሱን ይደብቃል፤ ሐኪሞቹ እውነቱን የሚያዩት ከቤት በተቀረጸው ላይ ነው። አንተ ገመዱን ያዝ፣ ስልኩን እማዬ ትያዝልህ። ከዓርብ በፊት ላኩልኝ፤ ዓርብ ከሐኪማችን ጋር ተረኛ ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ጉልበትህን እስማለሁ፣ እማዬንም ሳምልኝ።

የምትወድህ ልጅህ